የጓሮ ጉቶን በማሽን ማስፈጨት፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ሣሩ

ዛፍ ቆራጮች ግንዱን ጭነው፣ ቅርንጫፉን ፈጭተው፣ ግቢውን ጠርገው ይሄዳሉ፤ ጉቶው ግን እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ባለቤቱ ውሉን መልሶ ሲያነብ «ጉቶ አይጨምርም» የሚል አጭር መስመር ከታች ያገኛል። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ቤት የሚገዛ ወገናችን እየበዛ በመሄዱ፣ ጉቶ መፍጨትን ሙያዬ ካደረግሁ ወዲህ ስልኬ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይጮኻል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት ያስከፍላል?» የሚል ነው። መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን «ከሥሩ ምን ተቀብሯል?» የሚለው ነው።

ማሽኑ በሚሽከረከር ባለ ጥርስ ብረት እየፈጨ አንድን መካከለኛ ጉቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ኪስ የሚያራቁተውም፣ ሰው የሚጎዳውም፣ በዓመቱ ሣሩን ቢጫ የሚያደርገውም ከዚያች ሰዓት በፊት ወይም በኋላ የተዘለለ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ማሽኑ ከማወራው በላይ ስለ ዝግጅቱና ስለ ጽዳቱ አወራለሁ።

መጀመሪያ፦ መነሣት አለበት ወይ?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጉቶን እንደ ጠላት አያይም። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከቡቃያው ጠንካራዎቹ ሁለት ሦስቱ ተመርጠው ይቀሩና ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጣና ይሆናሉ። ጉቶውን ነቅሎ የሚጥል ሰው ቢገኝ ጎረቤት ይገረምበታል። እዚህ ግን ጉቶ የሣር ማጨጃ ምላጭ የሚሰብር፣ ልጅ የሚያደናቅፍ፣ ቤት ሲሸጥ የገዢን ዓይን የሚስብ ነገር ነው።

ቢሆንም ሁሉም ጉቶ መነሣት የለበትም። አንድ ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልጃቸው የጠራችኝ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ማሽኑን ከተጎታቹ ሳላወርድ ወደ ጓሮ ብዘልቅ፣ ሰፊ የኦክ ጉቶ ላይ ረከቦታቸውን ዘርግተው፣ ጀበናው ከጎናቸው ሆኖ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ይሄ ጉቶ ምን አደረገህ?» አሉኝ። «እማማ፣ እኔን ምንም አላደረገኝም፤ ልጅዎ ናት የጠራችኝ» አልኳቸው። ጉቶው ከቤቱ መሠረት የራቀ ነው፤ ምስጥ የለበትም፤ መንገድም አይዘጋም። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ጉቶው ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ከሆነ፣ ምስጥ ወይም ጉንዳን ከገባበት፣ ቡቃያ እያወጣ ካስቸገረ፣ ወይም ቦታው ላይ ሌላ ነገር ለመሥራት ከታሰበ ይነሣ። በጓሮ ጥግ ላይ ያለ ጉቶ ግን ቢተዉት በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ቀዳዳ በስቶ ጨው ወይም ናይትሬት መጨመር ያፋጥነዋል የሚባለውን አይቸኩሉበት፤ ቢሠራ እንኳ የሚጠበቀው በዓመታት ነው። በእሳት ማቃጠልን ግን እርሱት። እሳቱ በሥሩ ውስጥ ተሸሽጎ ለቀናት ሊሄድ ይችላል፤ በብዙ ሰፈርም ክልክል ነው።

ዛፉ ምን ነበር?

የዛፉ ዓይነት ሥራውን ይለውጠዋል። ጥድ መሰሎቹና ቱሊፕ ፖፕላር ለስላሳ ናቸው፤ ማሽኑ እንደ ቅቤ ይገባባቸዋል። ኦክ፣ ሂከሪና ብላክ ሎከስት ግን ጥርስ ይበላሉ። ሲልቨር ሜፕል የሚባለው ደግሞ ሥሩን ከመሬት ላይ እንደ እባብ ዘርግቶ ሣሩን ያቋርጣል፤ ጉቶውን ብቻ ፈጭቶ የሄደ ሰው ሥራውን ግማሽ አድርሶ ነው የተወው።

በአካባቢያችን የአሽ ዛፍ ጉቶ በብዛት የሚገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤመራልድ አሽ ቦረር የተባለው አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 በሚሺጋን ታወቀ፤ በ2003 ሜሪላንድ ውስጥ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ አሽ የተባለውን ዛፍ እየፈጀው ነው። በጥንዚዛው የሞተ አሽ ሲፈጭ አያስቸግርም።

ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባው አይላንተስ የሚባለው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የሰማይ ዛፍ» የሚሉት ነው። ቅጠሉ ሲታሽ እንደ ተበላሸ የለውዝ ቅቤ ይሸታል። ይህን ዛፍ ቆርጦ ጉቶውን መፍጨት ንብን በእንጨት እንደ መቆስቆስ ነው፤ ከሥሩ በየሜትሩ አዲስ ቡቃያ ይልካል። በአንድ ጉቶ ፋንታ በሚቀጥለው ዓመት ሠላሳ ልጅ ያገኛሉ። ዛፉ ገና ካልተቆረጠ፣ በክረምታቸው ሳይሆን በበጋቸው መጨረሻ፣ ምግቡን ወደ ሥሩ በሚያወርድበት ወቅት፣ ግንዱ ላይ በየቦታው ጠባብ ቁስል ተሠርቶ ፀረ አረም ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ቢያንስ ሠላሳ ቀን ተጠብቆ ነው የሚቆረጠው። ቀድሞ ከተቆረጠ ደግሞ ቡቃያው እንዲያድግ ተደርጎ በዚያው ወቅት ቅጠሉ ላይ ይረጫል። ጉቶው የሚፈጨው ሥሩ መሞቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

የማን ዛፍ ነው?

ከእግረኛ መንገድና ከአስፋልቱ መካከል ያለው ሣር የእርስዎ ይመስላል፤ የሚያጭዱትም እርስዎ ነዎት። ዛፉ ግን ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ነው። በሜሪላንድ የመንገድ ዳር ዛፎች ሕግ ከ1914 ጀምሮ አለ፤ በመንገድ ይዞታ ላይ ያለ ዛፍን ለመቁረጥም ሆነ ለመከርከም ከግዛቱ የደን አገልግሎት ፈቃድ ይጠየቃል። እዚያ ያለ ጉቶ ካስቸገረዎት ከኪስዎ ከማውጣትዎ በፊት ለካውንቲው ይደውሉ። በዲሲ ከተማ ደግሞ በግል ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ እንኳ የግንዱ ዙሪያ 44 ኢንች ከደረሰ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ 100 ኢንች የደረሰው ደግሞ አደገኛ ካልሆነ በቀር አይነካም። ጉቶው ካለ ዛፉ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ነገር ግን ጎን ለጎን የቆመውን ሌላውን «አብረን እንጨርሰው» ከማለትዎ በፊት ሜትር ያውጡ።

ጉቶው በአጥር መስመር ላይ ከሆነ ጎረቤትን ማነጋገር ግድ ነው። የቃል ስምምነት አይበቃም፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩና መልሱን ያስቀምጡ።

811

ይህ ቁጥር በመላው አሜሪካ ከመቆፈር በፊት የሚደወልበት ነጻ ቁጥር ነው። «እኔ የምፈጨው እንጂ የምቆፍረው አይደለም» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ማሽኑ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል፤ የስልክና የኢንተርኔት ገመድ ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ላይ የሚገኝበት ግቢ ሞልቷል። የዛፍ ሥር ደግሞ ቱቦን አቅፎ ያድጋል፤ ስለዚህ መስመሩ ከጉቶው በታች ብቻ ሳይሆን በጉቶው ውስጥም ሊያልፍ ይችላል።

ጥሪው መመዝገብ ያለበት ሥራውን በሚሠራው ሰው ስም ነው። ባለሙያ ከቀጠሩ እሱ ይደውል፤ የመዝገብ ቁጥሩን እርስዎ ይጠይቁት። ቁጥሩን መስጠት የሚያንገራግር ሰው አልደወለም ማለት ነው። ከጥሪው በኋላ የመብራት፣ የጋዝ፣ የውሃና የስልክ ድርጅቶቹ መጥተው የተቀበረ መስመራቸው ባለበት ላይ ምልክት እስኪያደርጉ ሁለት ሦስት የሥራ ቀናት ይጠበቃል፤ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» የሚል ፈጪ ይህን ቀን ዘሎታል።

ምልክቱ ቀለምና ትናንሽ ባንዲራ ነው። ቀይ መብራት፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ ማስወገጃ ነው። ነጭ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሥራው የሚካሄድበትን ቦታ ለማሳየት የሚቀቡት ነው፤ ጉቶውን በነጭ ከብበው ቢጠብቋቸው ቀለም ቀቢው ግቢውን ሁሉ አይዞርም። መስመሩ በትክክል ከቀለሙ ሥር ነው ብለው አያስቡ። በቀለሙ ግራና ቀኝ፣ እንደ ግዛቱ 18 ወይም 24 ኢንች ድረስ፣ በማሽን አይሠራም፤ በእጅ ተቆፍሮ መስመሩ በዓይን ይታያል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ 811 የእርስዎን የግል መስመር አያሳይም። ከቤት ወደ ጋራዥ የተሳበ የመብራት ገመድ፣ ወደ ውጭ ምድጃ የሚሄድ የጋዝ ቱቦ፣ የሣር ማጠጫ ቱቦ፣ ለውሻ የተቀበረ የአጥር ሽቦ፣ ብዙ ጊዜም ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው የውሃ ቱቦ ምልክት አይደረግባቸውም። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ግቢ ውስጥ ባንዲራዎቹን ሁሉ አይቼ፣ ከጉቶው አንዳቸውም እንደማይቀርቡ አረጋግጬ ማሽኑን አስነሣሁ። አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሠራሁ ከጉድጓዱ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፤ ከጓሮ ያለው ጋራዥ መብራቱ ጠፋ። የቀድሞው ባለቤት የጋራዡን የመብራት ገመድ በራሱ እጅ፣ ያለ መከላከያ ቱቦ፣ አንድ ስንዝር ብቻ ቀብሮት ኖሯል። እግዚአብሔር ይመስገን ማሽኑ ላይ የነበረው እጄ ጓንት ለብሷል፤ እኔም ደረቅ መሬት ላይ ቆሜያለሁ። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተከፈለው ከኔ ኪስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዥ፣ መጋዘን ወይም የጓሮ መብራት ባየሁ ቁጥር «መብራቱ በየት በኩል ነው የሄደው?» ሳልል ቁልፍ አልነካም።

መለካትና መዋዋል

ዋጋው የሚሰላው በኢንች ነው፤ ከዚያ በተጨማሪ አብዛኛው ፈጪ ዝቅተኛ የመምጫ ክፍያ አለው። ጠብ የሚነሣው ግን ከሚለካው ቦታ ላይ ነው። ባለቤቱ የተቆረጠውን ፊት ከላይ ይለካና 20 ኢንች ይላል። ፈጪው ደግሞ ጉቶው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት፣ ሥሩ እንደ እግር በሚንሰራፋበት በሰፊው በኩል ይለካና 32 ይላል። ትክክሉ የፈጪው ነው፤ ማሽኑ የሚያነሣው ያንን ነውና። በኢንች 5 ዶላር ቢሆን ልዩነቱ 60 ዶላር ነው፤ ይህን በር ላይ ከመከራከር በስልክ ማወቅ ይሻላል። ሜትር ይዘው ከመሬት ላይ ይለኩ፤ ሁለት ፎቶ ያንሡ፤ አንዱ ጉቶውን ከቅርብ፣ ሌላው ማሽኑ የሚገባበትን በር የሚያሳይ ይሁን።

በሩን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአጥር በር ብዙውን ጊዜ 36 ኢንች ነው፤ ጠንካራ የሚባሉት ማሽኖች ከዚያ የሚሰፉ አሉ። የአጥር ቋሚ ነቅሎ መመለስ ካስፈለገ ያ ሌላ ሂሳብ ነው።

በጽሑፍ መስፈር ያለባቸው አራት ነገሮች ናቸው፦ ስንት ኢንች ወደ ታች እንደሚፈጭ፣ ከመሬት በላይ የተዘረጉት ሥሮች መካተታቸው፣ ሰጋቱራው የሚወሰድ ወይም የሚተው መሆኑ፣ ጉድጓዱን አፈር የሚሞላው ማን እንደሆነ። ኢንሹራንሱን ደግሞ ከሰውየው እጅ ወረቀት አይቀበሉ፤ የኢንሹራንስ ድርጅቱ በቀጥታ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ሠራተኛው ግቢዎ ውስጥ ቢጎዳና ዋስትና ባይኖረው ጥያቄው ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። የአገራችን ልጅ ስለሆነ ብቻ ይህን አለመጠየቅ ይሉኝታ ነው፤ እኔ ራሴ ስጠየቅ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም።

ስለ ጥልቀቱ፦ ሣር ብቻ ለመዝራት 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አበባ ወይም ቁጥቋጦ ለመትከል 30 ያስፈልጋል። ድንጋይ ንጣፍ ወይም መጋዘን የሚሠራበት ከሆነ ግን መፍጨት ብቻውን አይበቃም፤ የቀረው ሥር ሲበሰብስ መሬቱ ይሰምጣል። እዚያ ቁፋሮ ይሻላል።

ራስዎ ለመሥራት ካሰቡ

ማሽኑን ከትልልቅ የቤት ዕቃ መደብሮች በግማሽ ቀን ወይም በቀን መከራየት ይቻላል። አንድ ትንሽ የጥድ ጉቶ ላለው ጤነኛ ሰው አልቃወምም። ለትልቅ ኦክ፣ ለቁልቁለት፣ ለግድግዳ ጥግ ግን አልመክርም። በእጅ የሚገፋው ትንሹ ማሽን ኦክ ላይ ቀኑን ሙሉ ይዘላል፤ ማታ ላይ እጅዎ ስኒ መያዝ ያቅተዋል። በራሱ የሚሄደው፣ 25 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለው፣ ይሻላል። ከመረከብዎ በፊት ጥርሶቹን በጣትዎ ሳይሆን በዓይንዎ ይመርምሩ፤ ጫፋቸው ላይ ያለው የቱንግስተን ካርባይድ ቁራጭ ከተሰበረ ወይም ከደነዘ ይመልሱት። በደነዘ ጥርስ የሚሠራ ሰው ማሽኑን መጫን ይጀምራል፤ አደጋውም ከዚያ ይመጣል።

ጉቶውን ማዘጋጀት

ሥራው ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀደም ብለው ጉቶውን በዝግታ ዙሩት። በዚህ አካባቢ በበጋው መጨረሻ ቢጫ ተርብ አሮጌ ጉቶ ሥር ይቀፈቅፋል፤ ለአምስት ደቂቃ ቆመው ቢያዩ ከአንዲት ቀዳዳ የሚገቡና የሚወጡ ነፍሳት ካሉ ይታያሉ። ካሉ ሥራው ይቆማል፤ መጀመሪያ ተርቡ ይጥፋ።

ሁለተኛው ጠላት ፖይዝን አይቪ የሚባለው ሐረግ ነው። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቅጠል አለው፤ ሲያረጅ ግንድ ላይ የሚወጣው ሐረጉ ቡናማ ጸጉር ያበቅላል። ሐረጉ ቢደርቅም ቅባቱ አይሞትም። ማሽኑ ሲመታው ቅባቱ ከሰጋቱራው ጋር ፊትዎ ላይ፣ አንገትዎ ላይ፣ ልብስዎ ላይ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሳምንት ያየ ያውቀዋል። በረጅም ጓንት ነቅለው በፌስታል አስረው ይጣሉት፤ አያቃጥሉት፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

ከዚያ ድንጋዩን ከዙሪያው በአካፋና በዲጅኖ ያውጡ። ዋሽንግተንን ከምዕራብና ከሰሜን የሚከበው ቀይ የሸክላ አፈር ነጭ ድንጋይ ይበዛበታል፤ አንድ ቁራጭ ጥርስ ይሰብራል፤ ወይም እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። ጉቶው ራሱ ላይ ሚስማር፣ የልብስ ማስጫ መንጠቆ፣ የድሮ አጥር ሽቦ ይፈልጉ። ቀድሞ የዛፍን ቡርቡር በሲሚንቶ መሙላት የተለመደ ስለነበር፣ በአሮጌ ሰፈሮች ጉቶው መሐል ሙሉ ሲሚንቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። መሐሉን በመዶሻ ቢመቱት ድምፁ ይነግርዎታል።

ጉቶው ከፍ ያለ ከሆነ በሞተር መጋዝ ከመሬት አምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቀነስ። ከዚያ በታች አይውረዱ፤ አፈር የመጋዙን ሰንሰለት በደቂቃ ያደነዝዘዋል። መስኮት ወይም መኪና ቅርብ ከሆነ ኮምፔንሳቶ እንደ ግድግዳ ያቁሙ። ዝናብ ጥሎ ከነበረም ማሽኑ በሚያልፍበት ሣር ላይ ኮምፔንሳቶ ያንጥፉ፤ አለበለዚያ የጎማው ቦይ ከጉቶው የበለጠ ያስቸግርዎታል።

መፍጨት

የዓይን መከላከያ፣ የጆሮ መሸፈኛ፣ የቆዳ ጓንት፣ ወፍራም ጫማ። የተንጠለጠለ ነገር አይለበስ፤ ነጠላም፣ ሻሽም፣ የአንገት ሐብልም። ልጆችና ውሾች ቤት ይግቡ፤ ሌላ ሰው ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ዘመድ ለማየት ከጎን ይቆማል፤ «ትንሽ ራቅ ይበሉ» ማለት የሚያሳፍር ከሆነ ማሽኑን ያጥፉና ያኔ ይበሉ።

ማሽኑን ፊት ለፊት አቅርበው፣ ባለ ጥርሱ ብረት ጉቶውን ሳይነካ ያስነሡት። ብረቱ ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ወደ እርስዎ ቅርብ ባለው የጉቶው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ያውርዱት፤ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ብቻ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጥረጉት። ብረቱ ይብላ፤ እርስዎ አይግፉት። ሞተሩ ማቃሰት ከጀመረ ወይ ብዙ ወርደዋል ወይ ፈጥነዋል፤ ትንሽ ያንሡትና ይተንፍስ። ያንን ጠርዝ እስከሚፈለገው ጥልቀት ካወረዱ በኋላ ብረቱን አንሥተው ማሽኑን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ያስጠጉትና እንደገና ይጀምሩ። ጀማሪ ሰው ከመሐል ለመብሳት ይሞክራል፤ መሐሉ ላይ ብረቱ ዙሪያውን በእንጨት ይያዝና ማሽኑ ይዘላል።

ጆሮዎ ከዓይንዎ በላይ ይሠራል። ጤነኛ እንጨት ሲበላ ድምፁ ወጥ የሆነ ጉርምርምታ ነው። የበሰበሰ ቦታ ሲደርስ ይለሰልሳል። ድንጋይ ወይም ብረት ሲነካ ጥርት ያለ «ኪል» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያኔ ወዲያው ያንሡ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ ብረቱ መሽከርከሩን ሙሉ በሙሉ እስኪያቆም ይጠብቁ፤ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይዞራልና። ቁልፉን አውጥተው ኪስዎ ከከተቱ በኋላ ብቻ እጅዎን ወደ ጉድጓዱ ይስደዱ።

መጨረስዎን የሚነግርዎት ቀለሙ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ሰጋቱራ እንደ ጤፍ እንጀራ ሳይሆን እንደ በቆሎ ዱቄት ቢጫ ነው፤ ከዚያ ቡናማ ይቀላቀልበታል፤ በመጨረሻ ቀይ አፈር ብቻ ይወጣል። ያኔ ሰጋቱራውን ወደ ጎን ገፍተው ጉድጓዱን በዲጅኖ ይውጉት። ዲጅኖው ያለ እንቅፋት ከገባ ጥሩ ነው፤ «ጥብ» ብሎ ከቆመ እዚያ ላይ ሥር ቀርቷል። ከጉቶው ወጥተው የሚሄዱትን ሥሮች አንድ በአንድ ተከትለው ሣር ማጨጃ የማይደርስበት ድረስ ያውርዷቸው። ይህንን የሚዘልል ባለሙያ ቢያጋጥምዎ ክፍያውን ሳይሰጡ ዲጅኖ ያቀብሉት።

ቁልቁለት ላይ ማሽኑን ወደ ጎን አያስኪዱት፤ ይገለበጣል። አቀበቱ የሚያሳስብ ከሆነ ሥራው የእርስዎ አይደለም።

ሰጋቱራው

ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉቶ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ሲፈጭ ከሦስት እስከ አምስት የእጅ ጋሪ ሰጋቱራና አፈር ይወጣዋል፤ ጉቶው ከነበረበት ከፍታ በላይ ቁልል ይሆናል። «ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» ይሉኛል። እንጨት ሲፈጭ ይነፋል፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ብዙ ፈጪ ቁልሉን መልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገፍቶ፣ በእግሩ ረግጦ ይሄዳል። ቀኑን ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ያንን እንጨት የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት ለሥራቸው ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ ከአፈሩ ይወስዱታል፤ ላዩ ላይ የተዘራው ሣርም ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። እንጨቱ ሲበሰብስ ደግሞ መሬቱ ይሰምጣል። ስለዚህ ከጉድጓዱ የሚቻለውን ያህል ሰጋቱራ አውጡ። በሬክ ከሰበሰቡት በኋላ ለሌሎች ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ዙሪያ እስከ አራት ጣት ውፍረት ማንጠፍ ይቻላል፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። ከቤት መሠረት ጋር አያስጠጉት፤ እርጥበት ይይዛል፤ ምስጥም እርጥበት ይወዳል። ለአትክልት መደብ ትኩሱን አይቀላቅሉ፤ ጎመንዎ እንደ ሣሩ ቢጫ ይሆናል። የአይላንተስ ሰጋቱራን ደግሞ የሥር ቁራጭ ስላለበት ሌላ ቦታ አያንጥፉ።

አፈርና ሣር

ጉድጓዱን በጥሩ የላይ አፈር ይሙሉ። በአንድ ጊዜ አይገልብጡ፤ አንድ ስንዝር ሞልተው ይርገጡ፤ ውሃ ይረጩ፤ ሌላ ስንዝር ይጨምሩ። መጨረሻ ላይ ከዙሪያው ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ እንዲቀር ያድርጉ፤ ይወርዳልና።

የዘሩ ወቅት በዋሽንግተን አካባቢ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ እዚህ በሚቆጠረው በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ቶል ፌስኪው የሚባለው ሣር በዚያ ወቅት ይይዛል። በሰኔ የዘራ ሰው በሐምሌ ሙቀት ሲያጠጣ ይከርማል። ጉቶው በግንቦት ቢፈጭ እንኳ አፈሩን ሞልቶ፣ እስከ መስከረም እንዲረጋ ትቶ መዝራት ይሻላል። ከዘሩ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ ቀለል አድርገው ያርጥቡት፤ ጎርፍ አይልቀቁበት።

በዚያው ጉድጓድ ላይ ወዲያው ሌላ ዛፍ መትከል የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። አይሆንም። አዲሱ ሥር በሚበሰብስ እንጨት መካከል አፈር አያገኝም። አንድ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብለው ይትከሉ።

በሚቀጥለው ጸደይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቦታው ላይ እንጉዳይ ብቅ ቢል አይደንግጡ፤ የቀረውን ሥር እየበላ ነው። ልጆች እንዳይቀምሱት ነቅለው ይጣሉት። ኦክ ወይም ሜፕል ከነበረ መሬቱ ለጥቂት ዓመታት በየጸደዩ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል፤ አንድ ከረጢት አፈር ጋራዥ ውስጥ ያስቀምጡ። ብራድፎርድ ፒር የሚባለው ነጭ አበባ ያለው ዛፍ ከነበረ ደግሞ በሚያዝያ ወር ዙሪያውን ይዙሩ፤ ከሣሩ መካከል ቀጭን ቡቃያ ከታየ ገና ለስላሳ ሳለ በእጅ ይነቀላል፤ እስከ ሐምሌ ከቆየ ግን መቀስ ይጠይቃል።